የዳቦ ማሽን ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ሊጥ አያይም

ለቤት የዳቦ ማሽን የገዙ ሰዎችን ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ትሰማላችሁ። አንዱ «እሱ ከገባ ወዲህ ዳቦ ገዝተን አናውቅም» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «ተዉት እባካችሁ! ሁለት ሦስቴ ሞከርነው፣ መሃሉ እየሰረጎደ አስቸገረን፣ አሁን ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል» ይላል። የሚገርመው፣ ማሽኑ አንድ ዓይነት፣ ዱቄቱም ከአንድ ሱቅ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

በአጭሩ፣ ማሽኑ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ዕቃ ስለሆነ ነው። የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ሊጡ ኩፍ ይበል አይበል፣ ይቅጠን ይወፍር አያውቅም። ይህን የተረዳ ሰው ከሱቅ ዳቦ የማይተናነስ ዳቦ በትንሽ ወጪ ይጋግራል። ያልተረዳው ደግሞ ዱቄቱንም ገንዘቡንም ያባክናል፤ በመጨረሻም «ማሽኑ የማይረባ ነው» ብሎ ይደመድማል። እስቲ ከውስጡ እንጀምር።

ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?

ክዳኑን ስትከፍቱ አንድ ባልዲ መሰል መጥበሻ ታያላችሁ። ከሥሩ ሊጡን የምታሸው ትንሽ ማቡኪያ አለች፤ እሷን የሚያሽከረክረው ሞተር ከታች ተደብቋል። በመጥበሻው ዙሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ከጎን ደግሞ የሙቀት መለኪያ አለ። እነዚህን የሚያዝዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕም አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቺፑ የሚሰጠው ትእዛዝ በሰዓት የተከፋፈለ ነው። በብዙ ማሽኖች መደበኛው ፕሮግራም ከ3 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፦ ለማሸት ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ኩፍ እንዲል ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለመጋገር ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። የመጋገሪያው ሰዓት ሲደርስ ማሞቂያው ይበራል። ሊጡ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ቢሆን ወይም ከልክ በላይ ተነፍቶ ሊፈነዳ ቢደርስ ለማሽኑ ለውጥ የለውም።

ይህች ቀላል ዕቃ ግን በቀላሉ አልተገኘችም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በጃፓን የማትሱሺታ ኩባንያ (ዛሬ ፓናሶኒክ የሚባለው) መሐንዲሶች ማሽኑን ሊሠሩ ሲሞክሩ ዳቦው ውጪው እያረረ ውስጡ ጥሬ ይቀር ነበር። በሰው እጅ የታሸውንና ማሽኑ ያሸውን ሊጥ በኤክስሬይ አንስተው ቢያወዳድሩም ምክንያቱን ማግኘት አልቻሉም። በመጨረሻ ኢኩኮ ታናካ የተባለች የኩባንያው ባለሙያ በዳቦው ዝነኛ ወደነበረው ወደ ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ሥራውን ተማረች። ሰውየው ሊጡን ማሸት ብቻ ሳይሆን ለየት ባለ መንገድ እየጠመዘዘ እንደሚስበው ያስተዋለችው እሷ ናት። መሐንዲሶቹም ይህን እንቅስቃሴ ለማስመሰል በመጥበሻው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ወጣ ያሉ ሰንበሮች ጨመሩ። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ቀረበ። የባለሙያው እጅ ማሽኑ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ዓይኑ ግን አልገባም፤ የዓይኑን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ሊጡ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የስንዴ ዱቄት ውስጥ ግሉቴኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። ውኃ ሲያገኙና ሲታሹ እርስ በርስ ተያይዘው ግሉተን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ድፎ ዳቦ ሲቦካ እናቶች ሊጡን ለረጅም ጊዜ የሚያሹት ይህን መረብ ለማጠንከር ነው።

እርሾ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ። ሱቅ የሚሸጠው የደረቀ የዳቦ እርሾ እንቅልፍ ላይ ያለ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ውኃ ሲነካው ይነቃል፤ ስኳር እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ትንሽ አልኮል ያወጣል። ጋዙ ሊወጣ ሲል የግሉተኑ መረብ ይይዘዋል። ሊጡ ኩፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፊኛዎች አንድ ላይ እየተነፉ ናቸው።

ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። ሊጡ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ እርሾው ይሞታል። ከዚያው አካባቢ ጀምሮ የዱቄቱ ስታርች ውኃ እየመጠጠ ያብጣል፣ የግሉተኑ መረብም ይደርቃል። ፊኛዎቹ ባሉበት ቀጥ ይላሉ፤ ሊጥ የነበረው ዳቦ ሆነ ማለት ነው። የቅርፊቱ ቡናማ ቀለምና ያ የምንወደው ሽታ የሚመጡት ደግሞ ውጪው ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። እዚያ ፕሮቲንና ስኳር ተገናኝተው ማያር የሚባለውን ኬሚካዊ ለውጥ ያካሂዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሁለት ሩጫዎች መካከል ባለው ሚዛን ነው። ጋዙ እየነፋ ነው፣ መረቡም እየያዘ ነው። ስታርቹ ከመጠንከሩ በፊት ጋዙ መረቡን ካሸነፈው ፊኛዎቹ ይፈነዳሉ፤ የዳቦው መሃልም ይሰረጉዳል።

አዲስ አበባ ላይ መመሪያው ለምን አይሠራም?

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ለዳቦ ምን ያደርጋል? በሊጡ ውስጥ ያለውን አረፋ ከውጪ የሚጫነው አየር ቀለለ ማለት ነው። ያው መጠን ያለው ጋዝ በአንድ ሦስተኛ ገደማ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በመመሪያው ልክ እርሾ ከጨመራችሁ ሊጡ ከማሽኑ ሰዓት ቀድሞ ይነፋል። ማሽኑ ግን ገና ለመጋገር አርባ ደቂቃ ይቀረዋል! ሊጡ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ይደክምና ይወድቃል። «መሃሉ እየሰረጎደ አስቸገረን» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ውኃ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የዳቦው ውስጥ እርጥብ ስለሆነ ከዚህ በላይ ሊሞቅ አይችልም። ውኃውም ቶሎ ይተናል፤ ዱቄቱም ደረቅ አየር ውስጥ የከረመ ስለሆነ ትንሽ ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋል። በሐዋሳ (1,700 ሜትር ገደማ) ለውጡ ያነሰ ነው፤ በድሬዳዋ (1,200 ሜትር ገደማ) ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እዚያ ግን ሙቀቱ እርሾውን ስለሚያፋጥነው እርሾ መቀነሱ አሁንም ይጠቅማል።

ስለዚህ ለደጋ ከተሞች ሦስት ማስተካከያዎች አሉ፦ እርሾውን በሩብ ቀንሱ፣ ውኃውን በአንድ ወይም በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ የቅርፊቱን ምርጫ ጠቆር ወዳለው አድርጉ።

መነሻ የሚሆን አሠራር

ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉንም ነገር ከዱቄቱ አንጻር በመቶኛ ያሰላሉ። ዱቄቱ ሁልጊዜ 100 ነው። ውኃ 62 ገደማ፣ ጨው 2 ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ደረቅ እርሾ 1 ገደማ። ይህን ካወቃችሁ ለማንኛውም መጠን ማስላት ትችላላችሁ። ለአንድ መካከለኛ ዳቦ፣ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ጀምሩ፦

ፉርኖ ዱቄት፦ 500 ግራም
ውኃ፦ 310 ግራም (በኋላ እየታየ የሚጨመር)
ጨው፦ 8 ግራም
ስኳር፦ 10 ግራም
ዘይት፦ 15 ግራም
ደረቅ እርሾ፦ 4 ግራም (አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ እና ሩብ)

ወተትም ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት የጾም ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ውኃውንና ዘይቱን መጀመሪያ አድርጉ፣ ጨውና ስኳሩን ጨምሩ፣ ዱቄቱን ከላይ አልብሱት። በዱቄቱ አናት ላይ በጣት ትንሽ ጉድጓድ ሠርታችሁ እርሾውን እዚያ አኑሩ። የአንዳንድ ማሽን መመሪያ ተቃራኒውን ሊያዝ ይችላል፤ ቁም ነገሩ ማሽኑ መሥራት እስኪጀምር ድረስ እርሾው ከውኃና ከጨው ርቆ መቆየቱ ነው። ይህ በተለይ ማታ ሞልታችሁ ለጠዋት የምታዝዙት ከሆነ ወሳኝ ነው። ውኃው ለብ ያለ ወይም የቤት ሙቀት ያለው ይሁን። እጅ የሚያቃጥል ውኃ እርሾውን ይገድለዋል።

«ሚዛን የግድ ነው ወይ? በኩባያ ብለካስ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አስሉት። አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። ሦስት ተኩል ኩባያ ማለት እንግዲህ 420 ግራምም 525 ግራምም ሊሆን ይችላል። 310 ግራም ውኃ ለመጀመሪያው 74 በመቶ ነው፤ ሊጡ ይቀጥናል። ለሁለተኛው 59 በመቶ ነው፤ ሊጡ ይደርቃል። አሠራሩ አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ ዳቦው ሁለት! ትንሽ የማእድ ቤት ሚዛን ከማሽኑ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው።

አሥረኛዋ ደቂቃ

ማሽኑ ማሸት ከጀመረ ከ10 ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ክፈቱ። አትፍሩ፣ በማሸት ጊዜ መክፈት ችግር የለውም (እየተጋገረ ሳለ ግን አትክፈቱ)። ማየት ያለባችሁ አንድ ለስላሳ ድቡልቡል ሊጥ ነው፤ ጎኑን ለቆ ታችኛው ላይ ትንሽ ብቻ የሚጣበቅ።

ድቡልቡል ሳይሠራ እንደ ገንፎ ከተዘረጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ወይም ማሽኑ እያቃሰተ ግድግዳውን የሚያንኳኳ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ጨምሩ። ዱቄት ከወፍጮ ወፍጮ፣ ከወር ወር ይለያያል። ማሽኑ ይህን ሊያስተካክል አይችልም። ከ3 ሰዓቱ ውስጥ የእናንተ ሥራ ይህች ሁለት ደቂቃ ናት፤ የዳቦው ዕጣ ፈንታም በአብዛኛው እዚህ ይወሰናል።

ዳቦው ሲወጣ ምን ይነግራችኋል?

መሃሉ ከሰረጎደ፦ እርሾው ወይም ውኃው በዝቷል፣ አለዚያም ጨው ተረስቷል። ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የእርሾውን ፍጥነት ይገታል፣ የግሉተኑን መረብም ያጠነክራል።

አጭርና ድፍን ከሆነ፦ ውኃ አንሷል፣ ቤቱ በጣም ቀዝቅዟል ወይም እርሾው ሞቷል። እርሾውን መፈተሽ ቀላል ነው። ግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካልሠራ በከንቱ ዱቄት አታባክኑ።

ጤፍ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ቀላቅላችሁ ዳቦው ከጠጠረ፦ እነዚህ እህሎች መረቡን የሚሠራው የስንዴ ግሉተን የላቸውም። ጋዙ ይወጣል፣ የሚይዘው ግን የለም። ከአጠቃላዩ ዱቄት 15 በመቶ (ከ500 ግራሙ 75 ግራም) ያህል ብትቀላቅሉ ግን ጣዕም ይጨምራል፣ ዳቦውም ኩፍ ይላል።

እውነት ርካሽ ነው ወይ?

ይህን ራሳችሁ ማስላት አለባችሁ፤ የዱቄት ዋጋ ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ ዛሬ የጻፍነውም ነገ ይለወጣል። ስሌቱ ግን አይለወጥም።

መጀመሪያ የአንዱን ዳቦ ወጪ ደምሩ፦ የግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ የእርሾ፣ የዘይት፣ የስኳርና የመብራት። ማሽኑ ማሞቂያውን ሙሉ ጊዜ ስለማያበራ ለአንድ ዳቦ የሚፈጀው በግምት ከ0.3 እስከ 0.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ እንደሚስብ ካሰባችሁ ይህ ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ከሱቁ ጋር አወዳድሩ፤ በፍሬ ሳይሆን በክብደት። ከላይ ያለው አሠራር 847 ግራም ሊጥ ይሰጣል፤ ሲጋገር ወደ 750 ግራም ይወርዳል። (የጎደለው 100 ግራም ገደማ የት ሄደ? ተንኖ ነው። መዝናችሁ አረጋግጡ።) የሱቁን ዳቦ ሚዛን ላይ አስቀምጡና 750 ግራም ለመሙላት ስንት ዳቦ እንደሚያስፈልግ ቁጠሩ። አንዳንዴ መልሱ ያስደነግጣል።

በመጨረሻ የማሽኑን ዋጋ በአንድ ዳቦ በምታተርፉት ገንዘብ አካፍሉ። ለስሌት ያህል፣ ማሽኑ 9,000 ብር ቢሆንና በአንድ ዳቦ 30 ብር ብታተርፉ 300 ዳቦ በኋላ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። በየቀኑ ለሚጋግር ቤት ይህ 10 ወር ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ለሚጋግር ግን 3 ዓመት ይጠጋል። በወር አንዴ የሚጋግር ሰውማ ዳቦ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። ያገለገለ ማሽን ካገኛችሁ ስሌቱ በጣም ይለወጣል፤ ማቡኪያዋ መኖሯንና መጥበሻው አለመላጡን ብቻ አይታችሁ ግዙ።

ስለ መብራት ሁለት ነገር

ዘመድ ከአሜሪካ ማሽን ከላከላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ደግሞ 220 ነው። «ሁለት እጥፍ ባይሞላ ነው፣ ምን ይሆናል?» እንዳትሉ። የማሞቂያ ኃይል የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ 600 ዋት የነበረው ማሞቂያ 2,000 ዋት ሊያወጣ ይሞክራል። ሦስት እጥፍ ከሲሶ ገደማ ማለት ነው! ማሽኑ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ለማሽኑ ዋት የሚበቃ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የመጣ ማሽን ለ230 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ይህ ስጋት የለበትም።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ማሽኑ ይቆማል፤ እርሾው ግን አይቆምም። አንዳንድ ማሽኖች የነበሩበትን ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉንም ይረሱታል። እየታሸ ሳለ ከጠፋ፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው አስጀምሩት። ኩፍ እያለ ከነበረ ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠብቁ፤ ሊጡ እጥፍ ሲሆን መብራት ከመጣ «መጋገር ብቻ» የሚለውን ፕሮግራም ምረጡ። መብራቱ ከዘገየ ደግሞ ሊጡን አውጥታችሁ ምድጃ ላይ፣ ብረት ድስት ወይም ምጣድ ውስጥ እንደ አምባሻ ጋግሩት። ሊጥ ሊጥ ነው፤ ማሽን ውስጥ ስለተጀመረ እዚያው ማለቅ የለበትም።

ተጋግሮ እንዳይጣል

የቤት ዳቦ የሚያቆየው ነገር ስላልተጨመረበት ቶሎ ይደርቃል። የሚደርቀው ግን ውኃ ስለሚተን ብቻ አይደለም። ሲጋገር ያበጠው ስታርች ሲቀዝቅዝ ቀስ እያለ ወደ ጠጣር ቅርጹ ይመለሳል። ይህ ለውጥ በጣም የሚፈጥነው ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ለዛሬና ለነገ የሚበላውን ውጪ ሸፍናችሁ አኑሩ፤ የቀረውን ቆራርጣችሁ ማቀዝቀዣው ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የደረቀውን ብታሞቁት ስታርቹ እንደገና ይለሰልሳል፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን።

መጥበሻውን ስታወጡ በወፍራም ጨርቅ ያዙ፤ ታናናሾች ካሉ ራቅ ይበሉ። ዳቦውን ሳትቆርጡ ቢያንስ 45 ደቂቃ ታገሡት፤ ውስጡ ያለው እንፋሎት ካልወጣ ቢላዋው ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል።

የእናንተ ሙከራ

ከላይ የሰጠነው 4 ግራም እርሾ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ለእናንተ ቤት፣ ለእናንተ ከፍታና ለእናንተ ዱቄት ትክክለኛውን ቁጥር የምታገኙት በመሞከር ነው። ሦስት ዳቦ በሦስት ቀን ጋግሩ፦ አንዱን በ5፣ አንዱን በ4፣ አንዱን በ3 ግራም እርሾ። ሌላ ምንም አትለውጡ። ሁለት ነገር አንዴ ከለወጣችሁ የትኛው ለውጥ ምን እንዳደረገ ማወቅ አትችሉም። በየዳቦው ከፍታውን በማስመሪያ ለኩ፣ የቤቱን ሙቀት ጻፉ፣ ለሁለት ቆርጣችሁ ቀዳዳዎቹን እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከሦስቱ የትኛው ሳይሰረጉድ ከፍ እንዳለ ካያችሁ ያን ቁጥር በትልቁ ጻፉና ማሽኑ ክዳን ላይ ለጥፉት። ክረምት ሲገባና ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሙከራውን ድገሙት፤ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል።